ሲምባሉ ከአንዱ፣ ሞጁሉ ከሌላው

የኤሌክትሮኒክ ድራም ሲምባል የራሱ ድምፅ የለውም። ድምፁን የሚያወጣውን ሣጥን፣ ሞጁሉን፣ አጥፍተው በስቲክ ቢመቱት የሚሰሙት የታፈነ የጎማ ድምፅ ነው። የዚልጂያን ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1623 በቁስጥንጥንያ መሥራት የጀመረው የነሐስ ሲምባል አንዴ ከተመታ ረጅም ጊዜ ይነዝራል፤ የኤሌክትሮኒኩ ግን ቶሎ ጸጥ እንዲል ሆኖ የተሠራ ነው። ሥራው የት ቦታ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ለሞጁሉ ማሳወቅ ነው። ድምፁ የተቀመጠው ሞጁሉ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ ማንኛውም ሲምባል ከማንኛውም ሞጁል ጋር መሥራት ያለበት ይመስላል። የአንዱን ፋብሪካ ሲምባል በሌላው ሞጁል ላይ የሰካ ድራመር የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው። ክራሹ ይጮሃል፣ በእጅ ሲይዙት አይቆምም። የራይዱ ቤል አይሰማም። ሃይሃቱ ፔዳሉ ሲረገጥ ይከፈታል፣ ሲለቀቅ ይዘጋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሻጩ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞጁሉም ሲምባሉም ደህና ናቸው፤ ያልተግባቡት በሲግናሉ ላይ ነው። የሲግናሉን ዓይነት ለይቶ ያወቀ ሰው አብዛኛውን ችግር ያለ ጥገና ባለሙያ ይፈታዋል።

ይህ እውቀት በተለይ የሚያስፈልገው የተሟላ ስብስብ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን መግዛት ለማይችል ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚጫወት ድራመርም ሆነ በዋሽንግተን አካባቢ ላለ የቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ቡድን፣ ድራሙ ብዙውን ጊዜ የሚሟላው ቀስ በቀስ ነው። ሞጁሉ ያገለገለ ይገዛል፣ ሁለተኛው ክራሽ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይላካል፣ ራይዱ ደግሞ ዕቃውን ከሚሸጥ ጓደኛ ይገኛል።

ከጎማው ሥር

የሲምባሉ ጎማ ቢገለጥ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው ፒዬዞ የሚባለው፣ ሴራሚክ የተለጠፈበት ስስ የናስ ክብ ነው። ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ እ.ኤ.አ. በ1880 እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ስቲኩ ሲያርፍ ፒዬዞው ይነዝራል፣ ቮልቴጅም ይወጣዋል፤ ምቱ በበረታ ቁጥር ቮልቴጁ ይጨምራል። ሁለተኛው በጠርዙ የተዘረጋ ስስ ስዊች ነው። ጠርዙ ሲመታ ወይም በጣት ሲጨመቅ ሁለት ንጣፎች ይገናኙና ስዊቹ ይዘጋል። ሞጁሉ የፒዬዞው ሲግናል ብቻውን ከመጣለት የሲምባሉን ገጽ ያሰማል፤ ስዊቹም አብሮ ከተዘጋ የጠርዙን ድምፅ ያወጣል። ምት ሳይኖር ስዊቹ ብቻ ከተዘጋ ደግሞ ድራመሩ ሲምባሉን በእጁ እንደያዘው ቆጥሮ ድምፁን ያቋርጣል።

ሁለቱም ሲግናሎች በአንድ 6.35 ሚሊሜትር ስቴሪዮ ጃክ ያልፋሉ። ጃኩ ሦስት መገናኛ አለው፦ ጫፍ፣ ቀለበትና ግንድ። በተለመደው አሠራር ጫፉ የፒዬዞውን፣ ቀለበቱ የስዊቹን ሲግናል ይይዛል፤ ግንዱ ግራውንድ ነው።

ከሞጁሉ ወደ ውጭ ያለው መንገድ መልክ ከያዘ 40 ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደው የናም የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ የሲኩዌንሻል ፕሮፌት-600 እና የሮላንድ ጁፒተር-6 ሲንተሳይዘሮች በኬብል ተገናኝተው፣ ሚዲ የተባለው የጋራ ስምምነት ለሕዝብ ታየ። ተፎካካሪ ፋብሪካዎች የተስማሙበት ስለሆነ ዛሬ ማንኛውም ሞጁል ከማንኛውም ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል። ከሲምባሉ ወደ ሞጁሉ ለሚገባው ሲግናል ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አልተደረገም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን መንገድ ያዘ፤ የጣጣው ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው።

ክራሽ፦ ከቀላሉ መጀመር

ባለሁለት ክፍል ክራሽ፣ ማለትም ገጽና ጠርዝ ብቻ ያለው፣ ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ይግባባል። አንድ ፒዬዞና አንድ ስዊች በብዙ ፋብሪካዎች ዘንድ ተመሳሳይ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ በመጀመሪያ የሚታየው ኬብሉ ነው። ለጊታር የሚያገለግለው ሞኖ ኬብል ቀለበት የለውም። ሞጁሉ ላይ ሲሰካ ረጅሙ ግንዱ የቀለበቱን ቦታ ከግራውንዱ ጋር ያገናኘዋል፤ ሞጁሉም ጠርዙ ሳይለቀቅ የተጨመቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ድምፁ ገና ሲጀምር ይቆረጣል፣ ወይም የትም ቢመታ የጠርዝ ድምፅ ብቻ ይወጣል። በእጅ ሲይዙት የማይቆም ወይም ድምፁ ቶሎ የሚጠፋ ክራሽ ካጋጠመዎት፣ ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት ጃኩ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር መኖሩን ይመልከቱ። አንድ ብቻ ከሆነ ኬብሉ ሞኖ ነው።

ቀጥሎ የሞጁሉን የፓድ ዓይነት ዝርዝር ይክፈቱ። የሌላ ፋብሪካ ሲምባል ስም እዚያ ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ የሞጁሉ ፋብሪካ ራሱ ከሚሠራቸው ባለሁለት ክፍል ሲምባሎች አንዱን ይምረጡ። የቶም ወይም የስኔር መግቢያ ላይ ከሰኩት ይህ ምርጫ የግድ ነው። እነዚያ መግቢያዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ፒዬዞ ስለሚጠብቁ የሲምባሉን ስዊች አያነቡትም።

ሲምባሉን ስታንድ ላይ ሲሰቅሉ እንዳይዞር የሚያግደውን ማቆሚያ አይተዉ። በብዙዎቹ ላይ የጠርዙ ስዊች የተዘረጋው በድራመሩ በኩል ብቻ ነው፤ ሲምባሉ ከዞረ ጠርዙ የጠፋ ይመስላል።

ራይድ፦ ሦስተኛው ክፍል

ራይድ ላይ ቤል የሚባለው የመሀሉ ጉብታ ይጨመራል፤ ልዩነቱም እዚህ ይሰፋል። ሮላንድ እንደ ሲዋይ-13አር እና ሲዋይ-15አር ባሉት ራይዶቹ ሁለት መውጫ አበጀ፦ አንዱ ለገጽና ለጠርዝ፣ ሌላው ለገጽና ለቤል። ያማሃ ደግሞ እንደ ፒሲዋይ135 ባሉት ሲምባሎቹ ሦስቱንም በአንድ ኬብል አስተላለፈ፤ አንዱ ስዊች በቀጥታ ሲዘጋ ሌላው በሬዚስተር በኩል ይዘጋል፣ ሞጁሉም በሬዚስታንሱ ይለያቸዋል።

የሮላንዱን ራይድ በአንድ ኬብል ያማሃ ሞጁል ላይ የሰካ ሰው ከጠርዙና ከቤሉ አንዱን ያጣል። የያማሃው ራይድ ሮላንድ ሞጁል ላይ ሲሰካ ደግሞ በሬዚስተር የሚያልፈው ክፍል በትክክል አይነበብም። ሲምባሉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በመልቲሜትር መለየት ይቻላል። መልቲሜትሩን ሬዚስታንስ ላይ አድርገው አንዱን ሽቦ ከጃኩ ቀለበት፣ ሌላውን ከግንዱ ያገናኙ። መጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥሎ ቤሉን ይጫኑ። አንዱ ዜሮ አካባቢ፣ ሌላው በሺህ የሚቆጠር ኦም ካሳየ በአንድ ኬብል ሦስቱንም የሚያስተላልፍ ነው። በሁለቱም አሠራር እንዲሠሩ የሚስተካከሉ ሞጁሎች ስላሉ፣ ከመግዛትዎ በፊት መመሪያውን ማንበብ ይጠቅማል።

ሃይሃት፦ እጅና እግር

የሃይሃት ድምፅ ግማሹ ከእጅ፣ ግማሹ ከእግር ነው። ችክችካ የሚጫወት ድራመር ሃይሃቱን በጥቂቱ ሲያላላና ሲያጠብቅ ዜማው ሥር የሚመጣውን ለውጥ ያውቀዋል። ስለዚህ ፔዳሉ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ብቻ ማሳወቁ አይበቃም፤ በመካከል ያለውን ደረጃ ሁሉ መናገር አለበት። ይህንንም የሚያደርገው በሬዚስታንስ ነው። አንዱ ፋብሪካ ፔዳሉ ሲረገጥ ሬዚስታንሱ እንዲቀንስ ሲያደርግ፣ ሌላው እንዲጨምር ያደርጋል፤ ሲግናሉ የሚያልፍበት የጃክ መገናኛም ሊለያይ ይችላል። ሲረገጥ የሚከፈተው ሃይሃት ምሥጢሩ ይህ ነው። ሞጁሉ የፔዳል አቅጣጫ መገልበጫ ካለው ችግሩ በዚያ ይፈታል፤ ከሌለው ግን የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም።

በተራ የሃይሃት ስታንድ ላይ የሚቀመጡት፣ ለምሳሌ የሮላንድ ቪኤች-11፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ስታንዱን በተስተካከለ ወለል ላይ ያቁሙ። ክላቹን አላልተው ሲምባሉ ሥር ባለው ሴንሰር ላይ በራሱ ክብደት እንዲያርፍ ያድርጉ። እጅዎንም እግርዎንም ሳያስጠጉ፣ የሞጁሉን መለኪያ እያዩ ኦፍሴቱን፣ ማለትም የመነሻ ነጥቡን፣ ያስተካክሉ። ከዚያ ሲምባሉን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው ክላቹን ያጥብቁ። ይህ የመነሻ ነጥብ ከተዛባ ሃይሃቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ወይም በግማሽ ተከፍቶም ዝግ ሆኖ ይሰማል።

ውጤቱን በኮምፒውተር መፈተሽ ይቻላል። ሞጁሎች የፔዳሉን አቀማመጥ ብዙ ጊዜ በሚዲ ኮንትሮል ቁጥር 4 ከ0 እስከ 127 ባለው ልኬት ይልካሉ። ፔዳሉን በዝግታ ይርገጡት። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ከተጓዘ ፔዳሉና ሞጁሉ ተግባብተዋል። ከጫፍ ወደ ጫፍ ከዘለለ ወይ ፔዳሉ ተራ ስዊች ነው፣ ወይም ሁለቱ አይገጥሙም።

ማስተካከያው

ሁሉም ከተሰካ በኋላ እያንዳንዱን ሲምባል ለየብቻ ማስተካከል ይቀራል። የጎማው ውፍረትና የፒዬዞው አቀማመጥ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፣ ተመሳሳይ ምት የተለያየ ቮልቴጅ ይሰጣል። በሴንሲቲቪቲ ይጀምሩ፤ በእውነት በሚጫወቱበት ኃይል ሲመቱ ብቻ መለኪያው ጣሪያውን ይንካ። ቀጥሎ ትሬሾልዱን፣ የስታንዱ ንቅናቄ ድምፅ እስከማያስነሳበት ድረስ ብቻ ከፍ ያድርጉት፤ ከበዛ ለስላሳ ምቶች ይጠፋሉ። አንድ ምት ሁለቴ ከተሰማ ማስክ ታይሙን ይጨምሩ። ቶሙ ሲመታ ክራሹ ከጮኸ ክሮስቶኩን ያስተካክሉ።

ለመቀላቀል ጨርሶ የማይሆን ዓይነትም አለ። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ከቲዲ-50 ሞጁል ጋር ያወጣው ሲዋይ-18ዲአር ራይድ፣ ኋላም የመጣው ቪኤች-14ዲ ሃይሃት በዩኤስቢ የሚሰኩ በመሆናቸው የሚሠሩት ለእነሱ ከተዘጋጁ ሞጁሎች ጋር ብቻ ነው።

ገንዘብዎ የተወሰነ ከሆነ ሃይሃቱን ከሞጁሉ ፋብሪካ ይግዙ፣ ክራሾቹን ካገኙበት ይሰብስቡ፣ ራይዱን ደግሞ ፈትሸው ይውሰዱ። ሻጩንም ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሲምባሉ ስንት ክፍል አለው? በስንት ኬብል ይሠራል? የሃይሃቱ ፔዳል በየትኛው ሞጁል ላይ ሲሠራ ነበር? እነዚህን ጠይቆ የገዛ ድራመር ድራሙ ላይ የአራት ፋብሪካ ስም ቢጻፍም እንደ አንድ መሣሪያ ይጫወትበታል።