ቀሪ ጥንካሬ (አፈር)

ቀሪ ጥንካሬ ማለት አንድ አፈር ወይም የግንባታ ቁስ ከተጎዳ ወይም ከተሰበረ በኋላ የሚቀረው የመቋቋም አቅም ነው። በአፈር ሜካኒክስ ውስጥ ቃሉ ጠበብ ያለ ትርጉም አለው፦ አፈር በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ርቀት ከተንሸራተተ በኋላ የሚደርስበት፣ ከዚያም መንሸራተቱ ቢቀጥል እንኳ የማይቀንስ ዝቅተኛው ጥንካሬ ነው። በተለይ በሸክላ አፈር ላይ ይህ ጥንካሬ አፈሩ ሳይነካ ከነበረው በእጅጉ ሊያንስ ስለሚችል፣ የቆዩ ናዳዎች ያሉበት ቦታ ላይ መንገድ፣ ግድብ ወይም ቤት ለሚሠራ መሐንዲስ ዋና ጉዳይ ነው።

የጥንካሬ ደረጃዎች

አንድ የአፈር ናሙና የላይኛው ግማሹ በታችኛው ላይ እንዲንሸራተት ቢገፋ፣ መጀመሪያ ላይ የሚያሳየው ተቃውሞ እየጨመረ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ በኋላ ተቃውሞው ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ይህ ከፍተኛ ጥንካሬ ይባላል። ግፊቱ ሲቀጥል ጥቅጥቅ ያለው አፈር ይላላል፣ ቅንጣቶቹን ያያያዛቸው ኃይልም ይጠፋል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል። በሸክላ አፈር ላይ መውረዱ በዚህ አያበቃም። እንቅስቃሴው ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አንዳንዴም ከዚያ ብዙ እጥፍ ሲደርስ፣ ቀሪ ጥንካሬ ላይ ይቆማል።

የሚቀንስበት ምክንያት

የሸክላ ማዕድን ቅንጣቶች እንደ አሸዋ ድቡልቡል ሳይሆኑ እንደ ወረቀት ስስና ጠፍጣፋ ናቸው። ባልተነካ አፈር ውስጥ በተለያየ አቅጣጫ ተዘበራርቀው ስለሚገኙ እርስ በርስ ይያያዛሉ። አፈሩ ሲንሸራተት ግን በመንሸራተቻው ገጽ ላይ ያሉት ቅንጣቶች ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴው አቅጣጫ ይተኛሉ። በመጨረሻ አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ የሚሄድበት ለስላሳ፣ ብዙ ጊዜም የሚያብረቀርቅ ገጽ ይፈጠራል።

ስለዚህ የቀሪ ጥንካሬ መጠን በሸክላው ብዛትና በማዕድኑ ዓይነት ይወሰናል። የሸክላው ድርሻ ከ25 በመቶ ገደማ በታች ከሆነ አፈሩ እንደ አሸዋ ወይም ደለል ይሆናል፤ ቅንጣቶቹ እየተንከባለሉ ስለሚሄዱ የውስጥ ሰበቃው ማዕዘን ብዙ አይወርድም። ድርሻው ከ50 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ግን ጥንካሬውን የሚወስነው የጠፍጣፋ ቅንጣቶች መንሸራተት ነው። የካኦሊናይት ቀሪ የሰበቃ ማዕዘን 15 ዲግሪ፣ የኢላይት 10 ዲግሪ፣ የሞንትሞሪሎናይት ደግሞ 5 ዲግሪ ገደማ ነው። የአሸዋ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው።

አለካክ

ቀሪ ጥንካሬን ለማግኘት ረጅም መንሸራተት ስለሚያስፈልግ የተለመደው የሳጥን ሙከራ ወዲያና ወዲህ ብዙ ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል። የተሻለው መንገድ የቀለበት ሙከራ ነው። በዚህ ሙከራ የቀለበት ቅርጽ ያለው ናሙና ክብደት ተጭኖበት አንዱ ፊት በሌላው ላይ በዝግታ ይሽከረከራል፤ ክብ ስለሆነም እንቅስቃሴው የፈለገውን ያህል ያለማቋረጥ ሊረዝም ይችላል።

በቁልቁለት ላይ ያለው ውጤት

በክረምት ውሃ እስከ መሬቱ ገጽ የሞላውና ውሃው ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ የሚፈስበት ረጅም ቁልቁለት፣ መያያዣ ኃይል ከሌለው፣ ሊቆም የሚችልበት ማዕዘን ከሰበቃ ማዕዘኑ ግማሽ ገደማ ነው። የሰበቃ ማዕዘኑ 20 ዲግሪ የሆነ ሸክላ እንዲህ ባለ ሁኔታ እስከ 10 ዲግሪ በሚደርስ ተዳፋት ላይ ይቆማል። ያው አፈር ቀድሞ ተንሸራቶ ማዕዘኑ ወደ 12 ዲግሪ ከወረደ ግን 6 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ መሬት እንኳ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ለዓይን ሜዳ የሚመስል መስክ ሥሩ ሲቆፈር ወይም አናቱ ላይ አፈር ሲከመር የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው።

በአጠቃላይ፣ ቀድሞ ያልተንሸራተተ መሬት ቀሪ ጥንካሬ ላይ ስላልደረሰ ንድፉ ከዚያ ከፍ ባለ ጥንካሬ ሊሠራ ይችላል። የቆየ የመንሸራተቻ ገጽ ካለ ግን ስሌቱ በቀሪ ጥንካሬ መሠራት አለበት። ጥንካሬው በዘመን ብዛት በበቂ ሁኔታ ስለማያገግም የናዳው ዕድሜ ዋስትና አይሆንም።

ታሪክና ምሳሌዎች

ጽንሰ ሐሳቡን በምህንድስና ዘንድ ያስታወቀው እንግሊዛዊው አሌክ ስኬምፕተን ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ሸክላ ቁልቁለቶች ዘላቂ መረጋጋት ባቀረበው የራንኪን ንግግር ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1963፣ በሰሜን ጣሊያን ከቫዮንት ግድብ በስተጀርባ 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚሆን የተራራ ክፍል ወደ ማጠራቀሚያው ሐይቅ ወረደ። ግድቡ ባይፈርስም በላዩ የዘለለው ማዕበል ወደ 2000 ሰዎችን ገደለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሄንድሮንና ፓተን ባወጡት ጥናት ተራራው ቀድሞ የተንሸራተተ ጥንታዊ ናዳ እንደነበርና የኖራ ድንጋዩ በስስ የሸክላ ንብርብሮች ላይ መንሸራተቱን አመለከቱ። የሸክላው ቀሪ ጥንካሬ ዝቅተኛ ነበር፤ የሐይቁ ውሃ መነሣትና ዝናቡ ደግሞ በገጹ ላይ ያለውን የውሃ ግፊት ጨመሩ።

በእንግሊዝ የካርሲንግተን የአፈር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1984 ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ተንሸራተተ። ከግድቡ ሥር ሳይነሣ የቀረው ቢጫ ሸክላ በበረዶ ዘመን የተፈጠሩ የመንሸራተቻ ገጾች ነበሩበት። ግድቡ በአዲስ ንድፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ተመረቀ።

በኢትዮጵያ

በአባይ ሸለቆ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። በመንገዱ ላይ በተለይ በክረምት መሬቱ እየተንቀሳቀሰ አስፋልቱን ይሰነጥቃል፤ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይና የጃፓኑ ጃይካም ናዳዎቹን አብረው አጥንተዋል። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ደግሞ የሞንትሞሪሎናይት ወገን በሆኑ ማዕድናት የበለጸገ ስለሆነ፣ አንዴ ከተንሸራተተ ቀሪ ጥንካሬው በጣም ዝቅተኛ ከሚሆን አፈሮች አንዱ ነው። በመሬቱ ላይ የሚታዩ ያዘነበሉ ዛፎች፣ ደረጃ የሠሩ ስንጥቆችና ተዳፋት መሐል የሚፈልቁ ምንጮች የቆየ ናዳ ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ ከግንባታ በፊት መታየት አለባቸው።

በሌሎች ቁሶች

ቃሉ ከአፈር ውጭም ይሠራበታል። ከእሳት አደጋ በኋላ የኮንክሪት ቀሪ ጥንካሬ የሚወሰነው በደረሰበት ሙቀት ነው፤ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ጉዳቱ ይጎላል፣ በ600 ዲግሪ አካባቢ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝም አይመለስም። በፋብሪካ በትኩሱ የተዳመጠ ብረት ግን ከ600 ዲግሪ በታች ከሞቀ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጥንካሬውን መልሶ ያገኛል።