አሉቶ ስንት ዲግሪ ነው?

ለ9ኛ ክፍል ታንጀንትን ከመጀመሬ በፊት ተማሪዎቼን ከክፍል አስወጥቼ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አስመልሳለሁ። ከማስተምርበት ከአዳሚ ቱሉ ሜዳ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው በዚያ አቅጣጫ ጎልቶ የሚታየው የአሉቶ ተራራ ነው። «ጫፉን ለማየት ዓይናችሁን ከአግድሙ መስመር ስንት ዲግሪ ቀና ታደርጋላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚመጣው መልስ ከሦስት ቁጥሮች አያልፍም፦ 30፣ 45 እና 60። ጠንቃቃዎቹ 30 ይላሉ፤ ደፋሮቹ 60።

ትክክለኛው መልስ 3 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የአሉቶ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል። እኛ የምንቆምበት ሜዳ ከዝዋይ ሐይቅ ወለል ብዙም ከፍ ስለማይል 1640 ሜትር ገደማ ብንለው ያስኬዳል። ልዩነቱን ወደ 700 ሜትር እንጠጋጋው። ጫፉ ከእኛ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። 700 ለ14000 ሲካፈል 0.05 ይሆናል፤ ታንጀንቱ 0.05 የሆነ አንግል ደግሞ 2.9 ዲግሪ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ስሌቱን ነው። ደግመው ያካፍላሉ፣ ሠንጠረዡን ደግመው ያያሉ፣ ከዚያም እንደገና ወጥተው ተራራውን ያያሉ።

ግምታቸው ለምን ከእነዚያ ሦስት ቁጥሮች እንደማይወጣ ግልጽ ነው። በመማሪያ መጽሐፉ መልመጃ ውስጥ የሚያገኙት አንግል በአብዛኛው 30፣ 45 ወይም 60 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለስሌት ይመቻሉ፣ መልሳቸው በስኩዌር ሩት ተጽፎ ያልቃል፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ችግሩ ተማሪው ሌላ ምንም ሳያይ ሲቀር ነው። ዓለም በሙሉ በእነዚያ ሦስት አንግሎች የተሠራ ይመስለዋል። «ሶህ ካህ ቶአ»ን በቃሉ ይላል፣ ጥያቄውንም ይሠራል፤ ነገር ግን የመብራት ምሰሶ ቁመት 140 ሜትር ሆኖ ሲወጣበት ምንም አይሰማውም፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮ ያስረክባል። ጂኦሜትሪ መለማመድ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የመጠን ስሜትን መለማመድ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀመሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ በእኔ ክፍል እያንዳንዱ ጥያቄ ደብተር ላይ የሚጀምረው በሥዕል ነው። ከሥዕሉ ሥር ግምት ይጻፋል፤ ስሌቱ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ለግምቷ መስመር ማርክ እሰጣለሁ። ልክ ሆና መገኘቷ አያሳስበኝም፣ መጻፏ ይበቃኛል። ግምቱን የጻፈ ልጅ መልሱ ሲርቅበት ራሱ ይደነግጣል፤ ያ ድንጋጤ ከእኔ ቀይ እስክሪብቶ ይልቅ ያስተምረዋል። የሙያ ባልደረቦቼ «በ40 ደቂቃ፣ በዚህ ሁሉ ተማሪ፣ ይህ እንዴት ይሆናል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ሰሌዳ ላይ የሚሠራው ጥያቄ ቁጥር ይቀንሳል። እኔ ግን አሥር በግዴለሽነት ከተሠሩ አራት የታሰበባቸውን እመርጣለሁ።

አንግል መለኪያችንን ራሳችን እንሠራለን። ፕሮትራክተር ተገልብጦ ቀጥ ባለው ጠርዙ ላይ ባዶ የቢክ ቀፎ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ከመሃል ነጥቡ ክር ይንጠለጠላል፣ ከክሩ ጫፍ ዳዶ ይታሰራል። በቀፎው ቀዳዳ የሚለካውን ነገር ጫፍ እያዩ ክሩ ያረፈበትን ቁጥር ጓደኛ ያነባል። ክሩ የሚያሳየው ከ90 የቀረውን ስለሆነ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ይህን የማይረሳ ቡድን ገና አላየሁም። የውኃ ማማ ብንለካ፣ ከሥሩ 20 ሜትር ርቀን፣ ከ90 ቀንሰን 35 ዲግሪ ብናገኝ፣ ታንጀንቱ 0.70 ነውና 14 ሜትር ይመጣል። የሚያየው ልጅ ዓይን ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ስለሚል 15.5 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉም ያስተምራል።

መጽሐፉ የማያስተምረው የት ቆመን እንለካ የሚለውን ነው። ልጆች ወደ ማማው መጠጋት ይወዳሉ። 5 ሜትር ላይ ቆመው አንገታቸውን ሰብረው 70 ያነባሉ። በ20 ሜትር ርቀት አንድ ዲግሪ ብንሳሳት ቁመቱ የሚዛባው በግማሽ ሜትር ነው፤ በ5 ሜትር ግን ያቺው አንድ ዲግሪ ከ75 ሴንቲ ሜትር በላይ ታዛባለች። አብዝቶ መራቅም እንዲሁ ነው። ስህተቱ የሚያንሰው 45 አካባቢ ሲነበብ ነው። በዚያ ላይ 45 ዲግሪ ላይ ርቀቱና ከዓይን በላይ ያለው ቁመት እኩል ስለሚሆኑ ሠንጠረዥም ካልኩሌተርም አያስፈልግም፤ ሜትሩን ዘርግቶ መሬቱን መለካት ይበቃል። ይህን አንድ ቡድን በራሱ ሲደርስበት ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

በአዲሱ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ትሪጎኖሜትሪ ምዕራፍ 5 ላይ፣ ሲሚላሪቲ ደግሞ ምዕራፍ 7 ላይ ተቀምጠዋል። ቅደም ተከተሉ አይስማማኝም። ሳይንም ሆነ ታንጀንት ትርጉም የሚኖራቸው አንግሎቻቸው እኩል የሆኑ ጎነ ሦስቶች፣ ትንሹም ትልቁም፣ የጎኖቻቸው ሬሾ እኩል ስለሆነ ነው። ይህን ያልያዘ ልጅ ሳይን 30 ግማሽ መሆኑን እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመድደዋል። ስለዚህ 5ን ከመክፈቴ በፊት 8ኛ ክፍል የተማሩትን ሲሚላሪቲ አስከልሳለሁ። ሦስት ጎነ ሦስቶችን በተለያየ መጠን፣ በአንድ ዓይነት አንግል አስሥዬ ጎኖቹን በማስመሪያ አስለካለሁ፤ ሬሾዎቹ ሲቀራረቡ ያዩታል።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ ኦሮሚያ ውስጥ አብዛኞቹ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብን በአፋን ኦሮሞ ተምረው 9ኛ ላይ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። ባለፈው ዓመት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያስረዳ የነበረ ልጅ ዘንድሮ ዝም ይላል፤ ጂኦሜትሪው ሳይጠፋበት። ጥያቄውን መጀመሪያ በፈለገው ቋንቋ ለጓደኛው እንዲያስረዳ ስፈቅድለት ሥዕሉን እየጠቆመ ይዘልቀዋል። እንግሊዝኛውን ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ላይ እንጽፋለን።

የስፋትና የይዘት ትምህርት ላይ ስንደርስ ብዙ እቆያለሁ፤ ለአካባቢያችን ልጆች ከዚህ የሚቀርብ ሒሳብ የለምና። የጎጆ ክዳን ኮን ነው። ሬዲየሱ 3 ሜትር፣ ከግድግዳው ራስ እስከ ጉልላቱ ቀጥ ያለው ቁመት 4 ሜትር ቢሆን፣ ስንት ካሬ ሜትር ሣር ይለብሳል? ግማሹ ክፍል 4ን ወስዶ በፓይና በ3 ያባዛና 38 ገደማ ይላል። ሣሩ ግን የሚነጠፈው በተዳፋቱ ላይ ነው፤ ተዳፋቱ 5 ሜትር ነው፣ መልሱም 47 ነው። በመጀመሪያው ስሌት ሣር የገዛ ሰው ከአምስት አንድ እጁ ክዳን አልባ ይቀርበታል። ካርቶን በኮን ቅርጽ ጠቅልሎ፣ መልሶ ዘርግቶ፣ የትኛው ርዝመት ካርቶኑ ላይ እንዳለና የትኛው አየር ላይ እንዳለ በጣቱ የነካ ልጅ ሁለቱን አያምታታም።

ከሁሉ የበለጠ ክርክር የሚያስነሳው ቧንቧ ነው። በሐይቁና በቡልቡላ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በፓምፕ የሚያለማ ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ የኢንች ጉዳይ ለልጆቹ እንግዳ አይደለም። «ባለ 4 ኢንች ቧንቧ ከባለ 2 ኢንቹ አፉ ስንት እጥፍ ይሰፋል?» ስል «ሁለት እጥፍ» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ቀመሩን አውቀውት እንኳ ሁለት ይላሉ። ከዚያ 4 ኢንች ዲያሜትር ያለው ክብ ወረቀት ላይ 2 ኢንች ዲያሜትር ያላቸውን ክቦች ቆርጠው እንዲደረድሩ አደርጋለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ልክክ ብለው ይገባሉ፤ ሦስተኛ አይገባም። «ይኸው ቲቸር፣ ሁለት ነው!» የሚል አይጠፋም። ውብ ጊዜ ነው፤ ዓይን የተሳሳተውን መልስ የሚደግፍ ይመስላልና። ከላይና ከታች የተረፈውን ባዶ ቦታ ስፋት እንዲያሰሉ እጠይቃለሁ። ትልቁ 4 ፓይ፣ ሁለቱ ትንንሾች አንድ ላይ 2 ፓይ፤ የተረፈውም 2 ፓይ። በተረፈው ቦታ ሌሎች ሁለት ክቦች የሚያህል ወረቀት አለ፣ ቅርጹ ስላልተመቸ ብቻ ክብ አይገባበትም። አራት እጥፍ መሆኑን እንዲህ ያየ ልጅ ወደ ሮቶ ስንሄድ ነገሩን ራሱ ይቀጥለዋል፦ ቁመትም ሬዲየስም እጥፍ የሆነ ሮቶ ስምንት እጥፍ ውኃ ይይዛል።

ግንበኛ አባት ያላቸው ልጆች ሌላ ሀብት ይዘው ይመጣሉ። መሠረት ሲወጣ ግንበኛ ማዕዘኑን በስኳድራ ብቻ አያምንም። በአንዱ ሲባጎ 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጎ በመካከላቸው 100 መምጣቱን በሜትር ያረጋግጣል። ይህ የፓይታጎረስ ቲዎረም ነው እንላለን፤ በትክክል ከተነገረ ግን የቲዎረሙ ተገላቢጦሽ ነው። ክፍል ውስጥ ማዕዘኑ 90 መሆኑ ተሰጥቶን ጎን እንፈልጋለን፤ ግንበኛው ጎኖቹን ለክቶ ማዕዘኑን ይመረምራል። ፈተና ላይ ይህን ልዩነት የሚጠይቅ ጥያቄ ሳወጣ ጎበዝ የተባሉት ሲንገዳገዱ የግንበኛው ልጅ ሲመልስ አያለሁ።

የልምምድ ጥያቄዎችን ሳወጣ ምዕራፎቹን አደበላልቃለሁ። ሃያ የታንጀንት ጥያቄ በተከታታይ የሚሠራ ልጅ ታንጀንት ይሁን ሳይን ለመምረጥ አንድም ጊዜ አይገደድም፤ ርዕሱ መርጦለታል። ከኮን በኋላ ጥላ፣ ከጥላ በኋላ የሲባጎ ጥያቄ ሲገጥመው ግን ቆሞ ማሰብ አለበት። ተማሪዎች ይህን አይወዱትም፣ ውጤታቸውም መጀመሪያ ይወርዳል።

የጥላ ጥያቄ ስል፣ መጽሐፎቻችን ላይ ያሉት ጥላዎች ሁሌ ረጅም ናቸው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.9 ዲግሪ ላይ ነን። በሚያዝያ 2 እና በነሐሴ 27 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ አናታችን ላይ ትሆናለች፣ የቆመ ዘንግም ጥላ አይኖረውም። በታኅሣሥ አጋማሽ የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ 61 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ አጋማሽ 28 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። እዚሁ ያደጉ ልጆች እንኳ ጥላቸው በዓመት ውስጥ አቅጣጫ እንደሚለውጥ ልብ አላሉትም።

ከ2200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ የለካው በዚሁ ዘዴ ነው። አስዋን ላይ ፀሐይ አናት በምትሆንበት ቀን እስክንድርያ ላይ ያለው ጥላ 7.2 ዲግሪ አሳየው፤ የክብ ሃምሳኛ ነው፣ የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዛ። እኛ ከእሱ የተሻለ ዕድል አለን፤ መቀሌ ከእኛ ብዙም ሳትዛነፍ በሰሜን ትገኛለች። መጋቢት 12 ገደማ ቀንና ሌሊት ሲተካከሉ የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ እኩለ ቀን ላይ አዳሚ ቱሉ 14፣ መቀሌ 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሁለቱ አንግሎች ልዩነት 5.6 ዲግሪ ነው፤ የምድር ዙሪያ 40000 ኪሎ ሜትር ከሆነ በመካከላችን 620 ኪሎ ሜትር ያህል አለ ማለት ነው። መቀሌ ወይም በዚያ መስመር ያላችሁ የሒሳብ መምህራን በመጪው መጋቢት ከተማሪዎቻችሁ ጋር ዘንግ ተክላችሁ ጥላው ከሁሉ ባጠረበት ደቂቃ ያለውን ርዝመት ብትልኩልን፣ የእኛን ወዲያው እንልካለን። ዘንጉ በቱምቢ ቀጥ ይበል፣ መሬቱም በውኃ ልክ ይታይ፤ ሁለት ዲግሪ የተጋደመ ዘንግ ስሌቱን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳስተዋል።