የሸክላ ድምፅ የሚበላሸው የት ነው?

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ያሳተማቸውን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ሰብሳቢዎች ዛሬም ያፈላልጓቸዋል። እንዲህ ያለ ሸክላ በተጫወተ ቁጥር፣ በተለይ መርፌው ካረጀ፣ ቦዩ እየተፋቀ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ዲጂታል የሚገለብጠው ሰው ገና በመጀመሪያው ዙር አጥርቶ መቅዳት አለበት። ብዙዎች ገንዘባቸውን በኮምፒውተሩ ላይ ያፈሳሉ፤ ድምፁ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት፣ አንዱ መሣሪያ ከሌላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

መርፌውን በሚይዘው ክፍል፣ በተለመደው ካርትሪጅ ውስጥ፣ መርፌው ሲርገበገብ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። የድምፅ መቅጃው መግቢያ የሚፈልገው ደግሞ የዚህን መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ፎኖ ፕሪአምፕ ይባላል፤ ሥራው ግን ማጉላት ብቻ አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ ሰፍቶ አጠገቡ ያለውን ቦይ ይጋፋል፤ ቀጭኑ ካልተጨመረ ደግሞ በሸክላው ፍሽፍሽታ ይዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ በወጣው የአርአይኤኤ መለኪያ መሠረት በ20 ኸርዝና በ20 ኪሎ ኸርዝ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 40 ዴሲቤል ይጠጋል። ፕሪአምፑ ይህንን መልሶ ያስተካክላል። ማጫወቻው የራሱ ፕሪአምፕ እያለው ገመዱ እንደገና ፎኖ መግቢያ ላይ ከተሰካ፣ ማስተካከያው ሁለቴ ይሠራና ቤዙ ያጓራል፤ ድምፁም ይዛባል። ጨርሶ ካልተስተካከለ ደግሞ ሳክስፎኑ ይቀጥናል፣ ቤዝ ጊታሩ ይጠፋል።

ብዙም የማይነሳው ጉዳይ ካፓሲታንስ፣ ማለትም ገመዱና መግቢያው ኤሌክትሪክ የማከማቸት አቅማቸው፣ ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ-ቪኤም95ኢ የተባለው ካርትሪጅ የሚፈልገው ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ ሲሆን፣ የቀድሞው ሹር ቪ15 ታይፕ 3 ግን ከ400 እስከ 500 ይፈልጋል። ገመዱም ሆነ የፕሪአምፑ መግቢያ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ድምሩ ለካርትሪጁ ከበዛበት ቀጭኑ ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ይጮህና ከዚያ በላይ ያለው ወዲያው ይወድቃል። ይህን በሶፍትዌር ለማረም ከመድከም በፊት ገመዱን ማሳጠር ይሻላል።

ከማጫወቻው የሚወጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ከፕሪአምፑ ብሎን ጋር ካልታሰረም የመብራቱ እምምታ አብሮ ይቀዳል።

የመቅጃው የድምፅ መጠን ሲስተካከል መቆጠብ አይከፋም። በ24 ቢት ሲቀዳ በቂ ቦታ ስላለ፣ የዘፈኑ ከፍተኛ ጩኸት ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ቢል የሚጎድል ነገር የለም፤ የጭረት ቀጭታ ከሙዚቃው በላይ ሊዘል ይችላልና። ድምፁ በሶፍትዌር ከመጽዳቱ በፊት ያለው ፋይል ደግሞ ሳይነካ ለብቻው ይቀመጣል፤ ጭረት የሚያጠፋ ሶፍትዌር አንዳንዴ የከበሮውን ምት ጫፍም አብሮ ይቆርጣል።