እንባ የሚጠራ ድምፅ



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በረመዳን አጋማሽ ላይ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መስጂዳችን ጥግ ተቀምጦ የስልኩን ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ አየሁት። ጠጋ ስል የሚሰማው መንዙማ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ምን እንደሆነ ሳልጠይቀው፣ «ልጄ፣ ይህ የቁርኣን ወር ነው፤ ይህን ተውና ቁርኣንህን ቅራ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ለተራዊሕ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን እናቱ ቤቴ ድረስ መጡ። «ሼኽ፣ ልጄን አይቆጡብኝ» አሉኝ። «የወንድሙ መርዶ ከመጣ ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም። ወንድ ልጅ አያለቅስም ያሉት ይመስለኛል። ያ መንዙማ ወንድሙ ጠዋት ሱቅ ሲከፍት ሁልጊዜ የሚያሰማው ነበር። እሱን ሲሰማ ብቻ ነው እንባው የሚወርድለት። አልቅሶ ሲያበቃ እህል ይቀምሳል፤ እንቅልፍም ይወስደዋል።»

ወንድሙ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ መንገድ ላይ የቀረ ነው። አስከሬኑ አልመጣም፤ በወገኖቹ እጅ አልታጠበም፣ አልተከፈነም። ለቤተሰቡ የደረሰው አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነበር። እኔም ሳላጣራ በዚያ ሐዘን ላይ ወቀሳ ጨመርኩበት።

ይህ ሐዘን የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባሉት ከተሞቻችን፣ በዙሪያቸው ባሉት ቀበሌዎችም፣ በሞያሌ በኩል ልጅ ያልሸኘ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ደርሰው ሠርተው በላኩት ገንዘብ የቆመውን ቤትና የተከፈተውን ሱቅ ሁላችንም እናያለን። ያልደረሱትን ግን የሚያስታውሳቸው እናታቸው ናት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት የአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር፣ የልጁ ስልክ የጠፋበት ቤት ሁሉ ይርዳል። ቀብር ያላየ ወላጅ ሐዘኑን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ አፍኖ ይይዘዋል።

ድምፅ የታፈነን ልብ እንደሚከፍት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደው ሲመጡ፣ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በንጉሥ ነጃሺ ፊት የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ቀሩ። ንጉሡ ጺማቸው እስኪርስ አለቀሱ፤ በዙሪያቸው የነበሩት ጳጳሳትም አለቀሱ። ያ ለቅሶ ድክመት ተብሎ አልተቆጠረም፤ ይልቁንም ስደተኞቹ በሰላም እንዲኖሩ በር የከፈተ እንባ ሆነ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አንድ ቀን ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ) ቁርኣን እንዲቀራላቸው ጠየቁት። እርሱም ተገረመ፤ ቁርኣኑ የወረደው በእርሳቸው ላይ ነውና። እርሳቸው ግን ከሌላ ሰው አፍ መስማት እንደሚወዱ ነገሩት። ከሱረቱ ኒሳእ ቀርቶ 41ኛው አያ ላይ ሲደርስ እንዲበቃው አሉት። ቀና ብሎ ሲያይ ዓይኖቻቸው እንባ ያፈሱ ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ። ራሳችን ስንቀራ ሐሳባችን ለሐርፉና ለተጅዊዱ ይከፋፈላል። ሌላው ሲቀራልን ግን ከመስማት በቀር ሥራ የለንም፤ ያን ጊዜ ልብ ለራሱ ጊዜ ያገኛል።

በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም ገዛሊ «ኢሕያኡ ዑሉሚዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ውስጥ ስለ ማዳመጥ ራሱን የቻለ ክፍል ጽፈዋል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ባልጩትና ብረት ሲጋጩ እሳት እንደሚወጣ ሁሉ፣ መልካም ዜማም በልብ ውስጥ ተደብቆ የቆየውን ያወጣል እንጂ የሌለውን አያመጣም። የዘመናችን ተመራማሪዎችም ወደዚሁ የቀረበ ነገር አግኝተዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከበርሊን ሁለት ተመራማሪዎች 772 ሰዎችን ጠይቀው ባወጡት ጥናት፣ የሚያሳዝን ሙዚቃ ሰዎች ላይ ከሁሉ በላይ የሚቀሰቅሰው ስሜት ትዝታና ናፍቆት ሆኖ ተገኝቷል። ያ ልጅም የሰማው መንዙማውን ብቻ አልነበረም፤ ሱቁን ሲከፍት የነበረውን ወንድሙን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚጠይቀኝን አውቃለሁ፦ ሙዚቃ ይፈቀዳል ወይ? የሙዚቃ መሣሪያን በተመለከተ ዑለማዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ተለያይተዋል፤ አብዛኞቹ ከልክለዋል፣ የፈቀዱም አሉ። ያን ክርክር በአንድ የጋዜጣ ገጽ አልዘጋውም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። የጥርጣሬውን በር ትቶ ማለፍ ለሚፈልግ ግን ሰፊ መንገድ አለው። ከሁሉም በላይ ቁርኣን አለ። ከዚያም መንዙማ አለ። የወሎ ዑለማዎች፣ ከእነርሱም መካከል ሼኽ ጦልሃ ኢብኑ ጀዕፈር፣ በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ የደረሱት መንዙማ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ዲኑን በጆሮው አስተምሯል። እነ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ደግሞ መንዙማን በካሴት፣ ኋላም በስልክ፣ የትም ቤት አስገብተውታል። ጎረቤቶቻችን በጉራጌና በስልጤ፣ በአብሬትና በአልከሶ፣ መንዙማን ከዱዓ ጋር አዋሕደው ይዘውት ኖረዋል።

ሌላው ጥያቄ የለቅሶ ነው። «ሙስሊም አያለቅስም፤ ሶብር ያደርጋል» የሚል ንግግር በየለቅሶ ቤቱ እሰማለሁ። ይህ ስሕተት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜም ሊጠይቋቸው ሄደው አልቅሰዋል፤ አላህ በዓይን እንባና በልብ ሐዘን እንደማይቀጣ ነግረው ወደ ምላሳቸው አመለከቱ። የተከለከለው ሙሾ ማውረድ፣ ፊት መንጨት፣ ልብስ መቅደድና በአላህ ውሳኔ ላይ ማማረር ነው። እንባ ግን ራሕመት ነው። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ናፍቆት ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፤ ሆኖም የሶብር ምሳሌ ሆነው ይጠቀሳሉ። ምሬታቸውን ያቀረቡት ለአላህ ነበርና። ልጇ የጠፋባት እናት ሱረቱ ዩሱፍን ስትሰማ ብታለቅስ፣ ታሪኩን ከማንም በላይ ገብቷታል ማለት ነው።

ለማዳመጥም ግን ልክ አለው። ያዘነ ሰው ከሰማ በኋላ ደረቱ ቀለል ካለው፣ ስለ ሟቹ ማውራት ከጀመረ፣ ከበላና ከተኛ፣ ማዳመጡ እየረዳው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን እያዳመጠ፣ እየባሰበት፣ ሱሑርም ኢፍጣርም እየተወ፣ ከሰው እየራቀ ከሄደ ግን ድምፁ ሐዘኑን እያስወጣው ሳይሆን እያሰጠመው ነው። ያን ጊዜ ማዳመጫውን ነጥቆ መቆጣት አያድንም። አጠገቡ ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። መኖር ጠላሁ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ ዱዓ እያደረግን ሳንዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። ሕክምና መፈለግም ከዲናችን ነው።

በዚህ ረመዳን ሐዘን ያለበት ቤት አንድ ነገር እንዲሞክር እመክራለሁ። ከተራዊሕ መልስ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ድምፁ የሚያምር አንድ ልጅ ቁርኣን ይቅራላችሁ፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል። የሚያለቅስ ካለ ማንም «ዝም በል» አይበለው። ሲያበቃ የሟቹን ስም ጥሩ፤ ምን ይወድ እንደነበር ተነጋገሩ። ከዚያ በስሙ ዱዓ አድርጉ፣ ከቻላችሁም ሰደቃ ስጡ። ሐዘን ከጆሮ ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ ምላስ፣ ከምላስም ወደ እጅ ሲያልፍ ለሟቹም ለቋሚውም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ወደ ልጁ ልመለስ። እናቱ ከነገሩኝ በኋላ ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ በወላጆቹ ፊት፣ አፉ እንዲለኝ ጠየቅሁት። ቀጥሎም ያን መንዙማ እንዲያሰማኝ ለመንኩት። ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። አባቱ ከመርዶው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በልጃቸው ፊት አለቀሱ። ልጁ ሄዶ እጃቸውን ያዘ።

በተከታዩ ጁሙዓ ለወንድሙ ሶላቱል ጋኢብ ሰገድን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሶላት የሰገዱት ለነጃሺ ነበር፤ በሩቅ አገር ለሞተው፣ ቁርኣን ሰምቶ ላለቀሰው ንጉሥ። ልጁ መጀመሪያው ሰፍ ላይ ቆሞ ነበር። በዚያው ሌሊት ለተራዊሕ መጣ።

አላህ በባዕድ ምድር የቀሩ ልጆቻችንን በራሕመቱ ይቀበላቸው። ለወላጆቻቸው መልካም ሶብር ይስጥልን። ጾማችንን ይቀበለን። አሚን።