አቀንጭራና የማሽላ ቅጠል ቀዳዳዎች

በቆቦ ሜዳ በቀትር የሚያርስ ገበሬ ያልበዋል። ላቡ የሚወጣው በቆዳው ላይ ባሉት እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። የማሽላ ቅጠልም እንዲሁ ቀዳዳዎች አሉት። ልዩነቱ ሰው ላቡን በፈቃዱ መግታት አለመቻሉ፣ ማሽላ ግን ቀዳዳውን እንደ ውሃው መጠን መክፈትና መዝጋት መቻሉ ነው።

1. የቀዳዳዎቹ ሥራ

እያንዳንዱ የቅጠል ቀዳዳ በሁለት ጠባቂ ሕዋሳት መካከል ይገኛል። ሕዋሳቱ ውሃ ሲጠግቡ ቀዳዳው ይከፈታል፤ ሲያጡ ይዘጋል። በዚህ በር ተክሉ ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ ውሃም በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሥሩ ከሚስበው ውሃ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚወጣው ከቅጠል ነው። ዝናብ ሲቋረጥ ማሽላ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ቅጠሉንም ይጠቀልላል። ውሃውን ይቆጥባል፤ ምግብ መሥራቱ ግን ይቀንሳል።

2. የአቀንጭራ ቀዳዳዎች

አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ውሃና ምግብ የሚስብ ጥገኛ አረም ነው። ቀዳዳዎቹ ሌሊትም ክፍት ናቸው፤ ማሽላው ሲጠማም እንኳ አይዘጉም። ስለዚህ ውሃው ሳያቋርጥ ወደ አረሙ ይሳባል። ማሽላው የቆጠበውን አቀንጭራው ይጨርሰዋል። እርጥበት ባለው ማሳ ማሽላው የተጠማ መስሎ ከታየ «ዝናብ አነሰ» ከማለት በፊት ሥሩን ቆፍሮ መመልከት ያስፈልጋል።

3. መደረግ ያለበት

ሀ) አቀንጭራን ዘር ሳይቋጥር መንቀል። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው አረሙ ከመሬት ሳይወጣ ስለሆነ፣ ነቀላው ከዘንድሮው ይልቅ የመጪዎቹን ዓመታት ሰብል ያድናል።

ለ) ነቀላውን በኅብረት ማካሄድ። ዘሩ በጎርፍ፣ በከብትና በዘር እህል ስለሚዛመት የአንድ ገበሬ ድካም ብቻውን አይበቃም።

ሐ) አቀንጭራን የሚቋቋሙትን የጎብዬ፣ የአብሽርና የብርሃን ዝርያዎች መጠቀም።

መ) ማሽላን ከማሾ ጋር ማፈራረቅ፣ ፍግና ኮምፖስት መጨመር።

ሠ) በሽልሻሎ ጊዜ ቦዩን በየመካከሉ በአፈር በማገድ የዝናቡን ውሃ ማሳው ላይ ማስቀረት።

4. ለገበሬዎች ማሳያ

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጠዋት የማሽላ ቅጠልና የአቀንጭራ ቅርንጫፍ በሚያሳይ ፌስታል ሸፍኖ አፉን ይሰር። ጥቂት ቆይቶ በፌስታሉ ውስጥ ጠብታ ይታያል። የሚባክነውን ውሃ በዓይኑ ያየ ገበሬ ለነቀላው አይዘገይም።