ጎራዴው ሲያብረቀርቅ ዋጋው ለምን ይወርዳል?

ከአያት የተወረሰ ጎራዴ ከሣጥን ወጥቶ ቦሌ ባለ ቪላ ሳሎን ውስጥ ሊሰቀል ሲታሰብ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «እናጽዳው» የሚል ነው። በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ በሎሚ ይታሻል፤ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። በገበያ ቋንቋ ከተነጋገርን ግን ባለቤቱ የፋቀው ዝገት ብቻ ሳይሆን ካፒታሉንም ጭምር ነው።

ለመሆኑ የአሮጌ ጎራዴ ዋጋ ከምን ይመነጫል? ከብረቱ ክብደት አይደለም። ለጌጥ እየቀለጠ ይሠራበት የነበረው ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብር የሆነው 23.4 ግራም ገደማ ነው። ጌጡ በሚዛን ቢሸጥ ከዚህ የብር ዋጋ አያልፍም። ትርፉ ዋጋ ያለው በአንጥረኛው ሥራ፣ በስለቱ ላይ በተቀረጸው ጽሑፍና በዕድሜው ወዝ ላይ ነው። ፍትጊያው የሚያጠፋውም እነዚህኑ ነው።

በዚህ ረገድ የጃፓን ተሞክሮ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በ1876 እ.ኤ.አ. የጃፓን መንግሥት ሳሙራዮች በአደባባይ ሰይፍ እንዳይታጠቁ ከከለከለ በኋላ፣ በስለቱና በእጀታው መካከል የሚገባው «ጹባ» የተባለ የእጅ መከታ ለብቻው በሰብሳቢዎች የሚፈለግ ሸቀጥ ሆነ። የብረት ጹባ ገዢ የሚፈልገው ጠቆር ያለውን የዕድሜ ገጽታ ነው። ቀይ ዝገት ሲታይበት በአጥንት ወይም በአጋዘን ቀንድ ስባሪ ቀስ ተብሎ ይነሣል፤ በጥጥ ጨርቅ ይወለወላል። የሽቦ ብሩሽ አይነካውም።

እኛም ዘንድ ጥበቃው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የላብ ጨው ብረት ስለሚበላ ጎራዴውን በጥጥ ጓንት መያዝ፣ ስለቱንም በስሱ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት መቀባት ይበቃል። ቆዳ እርጥበትና አሲድ ስለሚይዝ ስለቱና አፎቱ ለየብቻ ይቀመጡ። በተለይ በክረምት በፌስታል መጠቅለል እርጥበቱን አፍኖ ዝገትን ያፋጥናል። የጠቆረ የብር ጌጥ በለስላሳ ጨርቅ ይታበስ እንጂ አይፈተግ፤ በተፈተገ ቁጥር ቅርጹ ይሳሳል።

ሁለተኛው ኪሣራ የሚመጣው ከሕግ በኩል ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት፣ ቅርስ የሆነን ዕቃ ለማስጠገን አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ሳይቴስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተጨማሪ ገደብ ይጥላል። ስለዚህ «ለውጭ አገር ዘመድ እልከዋለሁ» ብሎ የገዛ ሰው ገንዘቡንም ዕቃውንም ቦሌ ኤርፖርት ላይ ሊያጣ ይችላል። ደላላም ቢሆን ኮሚሽኑን ከማስላቱ በፊት ባለሥልጣኑን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ጎራዴ በእጃችሁ ያለ አንባቢዎች ከብርጭቆ ወረቀቱ በፊት ካሜራና ወረቀት አንሡ። ፎቶግራፍ አንሥታችሁ፣ ለክታችሁ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ በጽሑፍ አስፍሩ። የታወቀ ታሪክ ያለው ዝገታም ጎራዴ፣ ታሪኩ ከጠፋበት አብረቅራቂ ጎራዴ ይበልጣል።