በድምፅ የተሠራ መድረክ፦ ወጋየሁ ንጋቱና የወለጋ ከተሞች አድማጮች

የአንድ ተዋናይ ሥራ የሚታወቀው በመድረክ ላይ ሲታይ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ በሀገራችን ታላላቆቹ የቴያትር ቤቶች፣ ይኸውም በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር፣ የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከጊምቢ፣ ከነጆና ከደምቢ ዶሎ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ታዲያ መድረኩን ያላየ ሰው ተዋናዩን በምን ያውቀዋል? እኛ ይህን ጥያቄ በወጋየሁ ንጋቱ ሥራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ወጋየሁ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ዙሪያ ከተነሡት ወጣት ተዋንያን አንዱ ነበረ። ከባልደረባው ከደበበ እሸቱ ጋር ወደ ሀንጋሪ ተልኮ የቴያትር ትምህርት ቀስሟል። በጸጋዬ ገብረ መድኅን «የከርሞ ሰው» እና በሌሎችም ተውኔቶች ተጫውቷል። በ1982 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

መድረኩን ያላዩ ሰዎች ግን የሚያስታውሱት በአንድ ሥራው ነው። ይኸውም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ መተረኩ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ፣ ጉዱ ካሣ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሁሉ የተናገሩት በአንድ ሰው አንደበት ነው። ባትሪ ድንጋይ የገባበት ራዲዮ በተገኘበት ቤት ሁሉ መድረኩ ተዘረጋ ማለት ነው።

የድምፅ ተዋናይ ፊቱና እጁ አይረዱትም። ያለው መሣሪያ አራት ነው፤ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ፣ የንግግሩ ፍጥነት፣ ትንፋሹና ዝምታው። የመኳንንቱ ኩራት በረጋ አነጋገር፣ የወጣቱ ፍርሃት በተቆራረጠ ትንፋሽ ይገለጻል። ተራኪው ራሱ ደግሞ ከሁሉም ተለይቶ መታወቅ አለበት፤ ያለዚያ አድማጭ ማን እንደ ተናገረ አይለይም።

ከዚህ በተጨማሪ የአማርኛ ጽሕፈት ለአንባቢ የሚሰውረው ነገር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ ወይም ተቀዳሚ፣ ሲላላ በውሃ ውስጥ መዋኘት ነው። «አለ»ም ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል። ጮኾ የሚያነብ ሰው ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ መልካም ንባብ የመጽሐፉ ፍቺ ጭምር ነው።

ይህ ነገር ለወለጋ ተማሪ የተለየ ጥቅም ነበረው። በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ አማርኛን ያገኘው ይበልጡን ከደብተርና ከመጽሐፍ ነው። በኦሮምኛም መጥበቅና መላላት የቃልን ትርጉም ስለሚለውጥ ጆሮው ለዚህ የሠለጠነ ነው፤ የጎደለው የትኛው ቃል እንደሚጠብቅ የሚነግረው ሰው ብቻ ነበር። ያንን ከራዲዮ ሊሰማው ቻለ።

ነገር ግን ከዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የወለጋ ሰው በራዲዮ የጎጃምን ታሪክ ሲሰማ፣ በራሱ ደጅ በኦሮምኛ የሚተርኩትን ሽማግሌዎችስ ማን ቀዳቸው? አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ባለፈው ምዕት ዓመት ፊት፣ በ1886 ዓ.ም. ገደማ፣ ተረትና ምሳሌውን ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋል። ይሁን እንጂ ወረቀት የሽማግሌውን ድምፅ፣ ትንፋሹንና ዝምታውን አይዝም። ወጋየሁ ያስተማረን ደግሞ ግማሹ ታሪክ ያለው በዚያ መሆኑን ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ዛሬ ድምፅ መቅጃ በእያንዳንዱ ተማሪ ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ይገኛል። ለዕረፍት ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ አርጆ ወይም ወደ መንዲ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ አንድ ተራኪ ፈልጎ፣ አስፈቅዶ፣ ስሙን፣ ቀበሌውንና ቀኑን መዝግቦ ቢቀዳና ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ቢያስረክብ ብዙ ሀብት ይድናል። መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይፈለግለታል፤ ሳይቀዳ ያለፈ ድምፅ ግን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል።